ዱላው የሚጀምረው ከአርባ ነው

ሰኔ 2

ደብዳቤው ደረሰ። በነሐሴ መጨረሻ ጡረታ እወጣለሁ። ከዚያ በፊት አንዲት ኢንጂነር መጥታ ሥራውን ትረከበኛለች፤ ማሽንም ይዛ ትመጣለች። ደብዳቤው «ስላበረከቱት የማይታክት አገልግሎት» ይላል። የሚታክት ነበር፤ ግን አልተከራከርኩም።

ይህን ደብተር የጀመርኩት የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ስለማይበቃኝ ነው። እዚያ ያሉት ዓምዶች አራት ናቸው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የውሃው ከፍታ፣ አስተያየት። ጠዋትና ማታ በአስራ ሁለት ሰዓት ከድልድዩ ሥር ወርጄ ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ለኃላፊው እደውላለሁ። አስተያየት የሚለውን አስራ አንድ ዓመት ባዶ ትቼዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሰሌዳው 1.10። መዝገቡ 1.50።

ሰኔ 3

ሰሌዳው 1.10። መዝገቡ 1.50።

ባለቤቴ «ምንድነው የምትጽፈው?» አለች። «ወንዙን» አልኳት። «እሱን እዚያው ጽፈኸው አትመጣም?» አለች።

ሰኔ 8

ዝናብ የለም። የማልጽፍበት ምክንያት አጣሁ፤ ስለዚህ ልጻፈው።

ከአስራ አንድ ዓመት በፊት የመጣው ጎርፍ የድሮውን ሰሌዳ ነቅሎ ወሰደው። አዲስ ተላከልን። ትእዛዙ ቀላል ነበር። ከምሰሶው ጎን አለቱ ላይ የተቸነከረ የነሐስ ምልክት አለ፤ የሰሌዳው ዜሮ ከሱ ሁለት ሜትር ከሃያ ዝቅ ይበል። የመለኪያ ዱላችንን ደግሞ ያው ጎርፍ ከታች አርባ ሴንቲሜትሩን ሰብሮበት ነበር። ስለዚህ ዱላው የሚጀምረው ከአርባ ነው። ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሳምንቱን ሙሉ አርባ እየቀነስኩ ስለካበት ነው የሰነበትኩት። የዚያን ዕለት ግን ረሳሁ። ዱላውን አቁሜ ነሐሱ ትይዩ 2.20 ሲል «በቃ፣ ዜሮው እዚህ ነው» አልኩ።

ግንበኛው ሲሚንቶ እያቦካ ቀና ብሎ «ጌታዬ፣ ይሄ ዱላ ጎዶሎ አይደለም እንዴ?» አለኝ። «አንተ ሲሚንቶህን አቡካ» አልኩት። አቦካ። ጎበዝ ግንበኛ ነበር፤ ሰሌዳው እስከ ዛሬ ፍንክች አላለም።

ስህተቴን ያወቅሁት ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው። ሰሌዳው አርባ ሴንቲሜትር ከቦታው በላይ ተሰቅሏል፤ ከእንግዲህ የሚናገረው ሁሉ በአርባ ያንሳል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነበር። ተመልሼ መሄድ እችል ነበር። ዝናብ ጀምሯል፣ ግንበኛውም ይስቅብኛል። ጫማዬን ደግሜ አላጠለቅሁም።

በማግስቱ ሰሌዳው 1.65 ሲል 2.05 ብዬ ደወልኩ። እውነተኛው ቁጥር እሱ ስለሆነ ውሸት አልመሰለኝም። በጋ ሲመጣ ነቅዬ አስተካክለዋለሁ አልኩ። አስራ አንድ በጋ መጣ። አንዱን ግንበኛ አጣሁ፣ አንዱን ወገቤን አመመኝ፣ የቀሩትን አላስታውስም።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ካነበበው ይታወቃል። ስለዚህ ሌላ ሰው እንዲያነበው አላደረግሁም። ፈቃድ ወስጄ አላውቅም። ለዚህ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ «አንድም ቀን ከሥራ ባለመቅረት» ይላል። እሱ ቀጥ ብሎ ነው የተሰቀለው።

ሰኔ 13

ሰሌዳው 1.25። መዝገቡ 1.65።

ለኃላፊው ደውዬ ስጨርስ ሁልጊዜ ለእህቴ እደውላለሁ። በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። የምትኖረው ከድልድዩ ስድሳ ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ሁለት ኮረብታ መሀል ተጨንቆ በሚታጠፍበት ከተማ፣ ታችኛው ሰፈር ነው። የታችኛው ሰፈርም የመጨረሻው ቤት የሷ ነው። ክረምት ላይ እዚህ ያለፈ ውሃ በአምስት ሰዓት እሷ ጋ ይደርሳል። እኔ በአስራ አንድ ዓመት አልደረስኩም።

ቁጥሩን እነግራታለሁ፣ «እሺ» ትላለች። አንዳንድ ቀን «በላህ?» ትጨምራለች። የነገርኳትን ቁጥር ደብተር ላይ ትጽፋለች። ወንዙ ሲሞላ ደግሞ አምስት ሰዓት ጠብቃ ውሃው የደረሰበትን ቦታ የግቢዋ ግንብ ላይ በምስማር ትጭራለች፣ ቁጥሩን አጠገቡ ታሰፍራለች። የልጅ ቁመት እንደሚለካው ማለት ነው። ልጅ የላትም።

ማዘጋጃ ቤቱ ኮረብታው ላይ ቦታ ሊሰጣት ሦስት ጊዜ ሰው ልኮባታል። ሦስቱንም ጊዜ «ወንድሜ ከላይ ሆኖ እየጠበቀኝ ምን ልሆን?» ብላ መልሳቸዋለች። ይህን የነገረችኝ ልታስደስተኝ ነው።

ባሏ የሞተ ጊዜ አልሄድኩም። ወንዙ አስቸግሮኝ ነበር።

ሰኔ 17

ላይኛው ደወለ። ላይኛው የምለው ደጋው ጫፍ ካለው ጣቢያ የሚያነበውን ባልደረባዬን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በስልክ ስንተዋወቅ ፊቱን አይቼው አላውቅም። እሱ ታችኛው ይለኛል። ሌላው ሰው ሴንቲ ይለኛል፤ ሴንቲሜትር ማለት ረዝሞባቸው ነው። ስሙ የወጣልኝ ለትክክለኛነቴ ነው።

«ታችኛው፣ ረግረጉ ጠግቧል» አለኝ። ወንዛችን የሚነሳው ከረግረግ ነው። ሰው የትልቅ ወንዝ ራስ ሲባል ከአለት የሚፈልቅ ነገር ይጠብቃል፤ እዚያ የሄደ ግን ጫማውን አስበልቶ ይመለሳል። ረግረጉ የመጀመሪያውን ዝናብ ይጠጣል፤ ከጠገበ በኋላ ግን የሚወርደውን እንዳለ ነው የሚለቀው። በየዓመቱ የሚጠግበው በሐምሌ አጋማሽ ነበር።

«አንድ ወር ቀደመ እኮ» አልኩት።

«እኔ ምን ላድርግ፣ አልደገስኩለትም። ካሁን ወዲያ የሚጥለው ሁሉ ወደ አንተ ነው።»

«ላክልን።»

«ደረሰኝ ፈርመህ ተቀበል» ብሎ ዘጋ።

ሰኔ 24

ሰሌዳው 1.80። መዝገቡ 2.20። የነሐሱ ምልክት ዛሬ ውሃ ውስጥ ገባ። እስከ መስከረም አይወጣም።

ሰኔ 26

ኢንጂነሯ መጣች። አርባ ዓመት ሊሞላት ነው መሰለኝ። ቦት ጫማዋ ያገለገለ ነው፤ እሱን ሳይ ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። አዲስ ቦት ያላቸው ቶሎ ይሄዳሉ።

«ነሐሱ የት ነው?» አለች ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ። «ከትናንት ወዲያ ሰመጠ» አልኳት። «ሌላ ነጥብ የለም?» «ከፍታው የታወቀ የመንገድ ሥራ ድንጋይ አለ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ሽቅብ ነው። ከዚያ በከፍታ መለኪያ መሣሪያ፣ በሌቭል፣ እየለኩ መምጣት አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል።» ትንሽ አሰበች። «ይሁን፣ ማሽኑን ከሰሌዳው ጋር አስተካክዬ እተክለዋለሁ። ሰሌዳው ልክ ነው አይደል ጋሼ?»

«ምን ይመስልሻል?» አልኳት። ሰሌዳውን አየችው። ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በየዓመቱ ቀለም እቀባዋለሁ። «በጣም ጥሩ ይዘውታል» አለች።

ውሸት አልተናገርኩም። ጥያቄ ነው የጠየቅኋት።

ሰኔ 27

ተፋሰሱን አስረዳኋት። ካርታው አላት፣ ግን ካርታ አያረጥብም። ግራ እጄን ዘርግቼ አሳየኋት። ይህ አውራ ጣት ቀዩ ገባር ነው፤ ዛፉ ተመንጥሮ ካለቀበት ቁልቁለት ይመጣል፣ ዝናብ በጣለ በስምንት ሰዓት አፈሩን ይዞ ከተፍ ይላል። ይህ መሀል ጣት ከረግረጉ የሚወርደው ነው፤ ደንቆሮው እንለዋለን፣ ሲሞላ ድምፅ የለውም፣ አስራ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጅበታል። ይህች ትንሿ ጥቁሩ ናት፤ ከደን ነው የምትወጣው፣ አትቸኩልም፣ ከሠላሳ ሰዓት በኋላ ትደርሳለች። ሦስቱ የሚገናኙት እዚህ የእጅ አንጓዬ ላይ ነው፤ ድልድያችንም እዚሁ ነው። ሁሉም በየተራው ስለሚደርስ እስከ ዛሬ ኖረናል።

«ሦስቱ ባንዴ ቢደርሱስ?» አለች።

እጄን ጨበጥኩ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖ አያውቅም» አልኳት።

ጻፈችው። ሁሉን ነገር ትጽፋለች።

ሰኔ 29

ማሽኑ ተተከለ። በየደቂቃው ያነባል። ውሃው ሰባት ሜትር ሲደርስ ራሱ እህቴ ያለችበት ከተማ ውስጥ ሳይረን ያስጮኻል። በእጅ ማስጮህ የምትችለው ኢንጂነሯ ብቻ ናት። ከሰሌዳው ጋር አስተያየችው፤ ሰሌዳው 2.15፣ ማሽኑ 2.15። እጇን ዘረጋችልኝ። ጨበጥኳት።

እኔ ስሄድ አርባ የሚጨምር አይኖርም። ሰባት ሲል ሰባት ከአርባ ይሆናል። የእህቴን ቤት ደፍ የሚነካው ደግሞ እዚህ ሰባት ከአስር ሲሞላ ነው።

ነገ እነግራታለሁ።

ሐምሌ 2

ኃላፊው ደወለ። «ሴንቲ፣ ማሽኑ 2.45 ይላል፣ አንተ 2.85 ትላለህ።» ዝም አልኩ። ደግ ሰው ነው፣ ዝምታዬን ራሱ ሞላልኝ። «አይዞህ፣ ዓይን ነው። የሁላችንም ነው። ታይተህ ና፣ መነጽር እናሰራልሃለን።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። «እሺ» አልኩ። ሰው ሲያዝንልህ ማስተጓጎል ነውር ነው።

ሐምሌ 8

ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። ከመጨረሻው መስመር በታች የማተሚያ ቤቱ አድራሻ ነበር፣ እሱንም አነበብኩለት። ሐኪሙ «በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ዓይን አላየሁም፤ ማን ነው የላከዎት?» አለኝ። ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «እህ፣ ዓይንህ ምን ሆነ?» አለች።

«ደህና ነው።»

«እሱንስ አውቃለሁ። ወባ የጣለህ ጊዜ ሰሌዳውን ወርጄ ያነበብኩልህ እኔ ነኝ። 2.30 ብዬ ነገርኩህ። 2.70 ብለህ ስትደውል በጆሮዬ ሰማሁ።»

ስድስት ዓመት አልፎታል። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«አንተስ?» አለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው የኛ ነገር።

ሐምሌ 12

ከዛሬ ጀምሮ የሚታወቀው የማሽኑ ቁጥር ነው። የኔ «ለማነጻጸር» ይመዘገባል። ሰሌዳው 3.70።

ለእህቴ 4.10 አልኳት። «ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ 3.70 ብለው ለጥፈዋል፤ ማንን ልመን?» አለች።

«እኔን» አልኳት። ወዲያው አመነችኝ። እንዲህ ያለ እምነት እንዴት አድርጎ ሰው ላይ እንደሚከብድ ለማንም አልነገርኩም።

ሐምሌ 14

ዝናብ። 4.05። ነገ ለኢንጂነሯ እነግራታለሁ።

ሐምሌ 15

ልነግራት ሄድኩ። ጥርሷን አሟት ጉንጯን ይዛ ተቀምጣለች። በጥርስ ሕመም ላይ አርባ ሴንቲሜትር አይጨመርም።

ሐምሌ 16

ጥርሷ ተሻላት። እኔን ባሰኝ።

ሐምሌ 18

ከማሽኑ ጋር ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኛለሁ። እኔ ወርጄ አነባለሁ፣ ኢንጂነሯ ስክሪኑን ታያለች፣ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ እኔ አርባ ጨምሬ እጽፋለሁ። ዛሬ መዝገቡን አገላብጣ «ጋሼ፣ የርስዎ ስህተት ሁልጊዜ አርባ መሆኑ አይገርምም?» አለች። «ዓይን ነው» አልኳት። «ዓይን አንድ ቀን ሠላሳ፣ አንድ ቀን ሃምሳ ነው የሚሳሳተው» አለች። መዝገቡን ዘግታ ወደ ሰሌዳው ብዙ ጊዜ አየች። ያኔ መናገር ነበረብኝ፤ አፌን ከፍቼ ነበር። «ሻይ ትጠጫለሽ?» የሚለው ወጣ።

ሐምሌ 21

ላይኛው ደወለ። ዛሬ አልቀለደም። ጥቁሩ ደን ላይ ከትናንት ጀምሮ ሳያቋርጥ ይጥላል፤ አሁን ደግሞ ደመናው ወደ ረግረጉ ዞሯል።

ሐምሌ 22

ጠዋት ረግረጉ ላይ ዶፍ። ማታ ላይኛው እንደገና፤ «አሁን ወደ ቀዩ ተሻገረ» አለ። ቆጠርኩት። ጥቁሩ ሠላሳ ሰዓት፣ ደንቆሮው አስራ ዘጠኝ፣ ቀዩ ስምንት። ዝናቡ እንዲህ በቅደም ተከተል ሲወርድ ሦስቱ ነገ ባንድነት እዚህ ይገናኛሉ። ቀጠሮ ይዘው ቢሆን እንኳ እንዲህ አይገጣጠሙም።

ነገ።

ሐምሌ 23

ቁጭ ብዬ በሥርዓቱ ልጻፈው።

ጠዋት 12 ሰዓት፣ ሰሌዳው 5.80። በ2 ሰዓት 6.00። በ4 ሰዓት 6.20። ውሃው ሦስት ቀለም ነበረው፤ በግራ ቀይ፣ በቀኝ ጥቁር፣ መሀሉ ድምፅ አልባ። የዛፍ ግንድ፣ የሰው አጥር፣ አንድ የቤት በር ከነቁልፉ አለፈ።

ወደ ኢንጂነሯ ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። አንዴ ስልክ ይዛለች፣ አንዴ እኔ ጫማዬን አሰርኩ፣ አንዴ ምንም ምክንያት አልነበረኝም።

በ7 ሰዓት ሰሌዳው 6.60። እውነቱ ሰባት ነው። ሳይረኑ መጮህ ያለበት አሁን ነው። ማሽኑ አረንጓዴ መብራቱን እያበራ ዝም ብሏል። ጥፋት የለበትም፤ የኔን ሰሌዳ ነው የተማረው። እስከ ሰባት ለመድረስ ሌላ ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀረዋል። ታችኛው ሰፈር መውጫው አንድ ጠባብ ደረጃ ነው፣ ግማሹ ነዋሪ ሽማግሌ ነው።

«ኢንጂነር፣ ሳይረኑን አስጩኺ» አልኳት።

«ገና 6.60 እኮ ነው ጋሼ።»

«ሰባት ነው። ሰሌዳው በአርባ ከፍ ብሎ ነው የተሰቀለው። የሰቀልኩት እኔ ነኝ።»

አየችኝ። «መቼ?»

«ከአስራ አንድ ዓመት በፊት። ዱላው ጎዶሎ ነበር፣ ረሳሁት። ከዚያ ወዲህ አርባ እየጨመርኩ ነው የምነግራችሁ።»

«ዓይንዎ…»

የሐኪሙን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ረጥቧል፣ ግን ይነበባል። አንብባ መለሰችልኝ። አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሦስት ሺህ ሰው ከቤቱ የማስወጣው በአንድ ሰው ቃል ነው? ያውም አስራ አንድ ዓመት በደበቀ ሰው ቃል» አለች። «ነሐሱን ያሳዩኝ።»

«ከውሃው በታች አምስት ሜትር ነው።»

«የመንገዱ ድንጋይ አንድ ቀን ይፈጃል። ታዲያ በምን ልመንዎት?»

ትክክል ነበረች። መዝገቡ የኔ ጽሑፍ ነው፣ ማሽኑ የኔ ሰሌዳ ነው፣ ምስክሬ ባለቤቴ ናት። በዚህ ሁሉ ወንዝ ላይ ቁጥሬን ከውሃው ጋር አስተያይቶ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ትዝ አለኝ። ለእህቴ ደውዬ ስልኩን ለኢንጂነሯ ሰጠኋት።

«እትዬ፣ ውሃው አሁን ግንቡ ላይ ከየትኛው ምልክት ደርሷል?»

«ማነሽ አንቺ?»

«ከወንድምዎ ጋር የምሠራ ነኝ።»

«ቆይ፣ ጫማዬን ላጥልቅ» አለች እህቴ። ጠበቅን። የጫማዋ ድምፅ፣ ከዚያ የውሃው ድምፅ በስልኩ ውስጥ መጣ። «ስድስት ከአርባ የሚለውን ነክቶታል። ከሦስት ዓመት በፊት የጫርኩት ነው። ሊሸፍነው ነው።»

እዚያ አሁን ያለው ውሃ እዚህ ያለፈው ከአምስት ሰዓት በፊት ነው። ኢንጂነሯ የማሽኑን መዝገብ ወደ ኋላ መለሰችው። 2 ሰዓት ላይ 6.00 ይላል። ከ6.40 ላይ 6.00 ሲቀነስ። ኢንጂነር ናት፣ ግን ቀስ ብላ ደገመችው።

«አርባ» አለች። ስልኩን መለሰችልኝና ወደ ማሽኑ ዞረች።

«እትዬ፣ ውጪ» አልኳት እህቴን።

«ሳይረኑ እኮ አልጮኸም።»

«አሁን ይጮኻል። ሰሌዳዬ ልክ አይደለም፣ በአርባ ይሳሳታል።»

«ከመቼ…» ስትል ሳይረኑ በስልኩ ውስጥ ገባ፣ ሌላ ነገር አልሰማሁም።

እስከ ማታ ድረስ በየግማሽ ሰዓቱ ሰሌዳውን ኢንጂነሯ አነበበች፣ እኔ ጻፍኩ። አርባውን እሷ ጨመረች። 11 ሰዓት ላይ 7.90 ሆነ፤ ከዚያ አላለፈም።

ሐምሌ 24

የእህቴ ስልክ ዝግ ነው።

ሐምሌ 24፣ ከሰዓት

ዝግ ነው።

ሐምሌ 25

ማዘጋጃ ቤቱ መልስ ሰጠ። ታችኛው ሰፈር ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ኮረብታው ላይ ትምህርት ቤት ገብቷል። ሠላሳ አንድ ቤት ፈርሷል። ሰው አልሞተም። አንድ መንገደኛ ስልክ አዋሳትና እህቴ ደወለች። «አለሁ» አለች። ቁጥሩን ልነግራት ስጀምር «የሌላ ሰው ስልክ ነው» ብላ ዘጋች።

አለቀስኩ። ባለቤቴ አይታ እንዳላየ አለፈች፤ ከዚያ ተመልሳ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ሐምሌ 29

አጣሪ ኮሚቴ መጣ። ከመንገዱ ድንጋይ ጀምረው ሦስቱን ኪሎ ሜትር በሌቭል እየለኩ ድልድዩ ድረስ ወረዱ። ማምሻውን ኢንጂነሯ «ሠላሳ ዘጠኝ» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ስህተቱ። አርባ አይደለም፣ ሠላሳ ዘጠኝ ነው።»

«ደግመሽ ለኪው» አልኳት። ደግማ ለካችው። ሠላሳ ዘጠኝ። አስራ አንድ ዓመት ስህተቴን ሳርም በአንድ ሴንቲሜትር ተሳስቻለሁ። ኮሚቴው ፊት ያን ያህል አላፈርኩም፤ በዚህች ግን አፈርኩ።

ከሥራ ታግጃለሁ። ጡረታዬን በሚመለከት በደብዳቤ ይነገረኛል። ኃላፊው ሲሄድ «ሴንቲ» አላለኝም፣ በመዓረግ ጠራኝ። ኢንጂነሯ መዝገቡን አምጥታ አስተያየት የሚለውን ዓምድ አሳየችኝ። «ይሄን እርስዎ ነዎት የሚጽፉት» አለች። ጻፍኩ። ቦታው አልበቃኝም፤ እስከ ኅዳጉ ሄድኩ።

ቤት ገብቼ የምስክር ወረቀቱን አወረድኩት። ግድግዳው ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ቀረ። ባለቤቴ «ቢያንስ እሱ ንጹሕ ነው» አለች።

ነሐሴ 1

ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት ነቃሁ። ማንበብ አይፈቀድልኝም። ባለቤቴ «መንገዱ ተከፍቷል አሉ» አለችኝና ቦርሳዬን አወጣች። ሰው ሲያዝህ እንዴት ደስ ይላል።

ነሐሴ 3

የጻፍኩት እህቴ ግቢ ተቀምጬ ነው።

አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ፈጀበት። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሰዓት አልነበረኝም ማለት ነው። አካፋ ይዤ መጣሁ። ጭቃ ስትጠርግ አገኘኋት። ቤቱ ቆሟል፤ ውሃው እስከ መስኮቱ ደርሶ ነበር። አረጀች። «መጣህ» አለች። «መጣሁ» አልኳት። «ወንዙን ማን ያየዋል?» «ሌላ ሰው።» «ይቻላል ለካ» አለችና አካፋውን ከእጄ ተቀበለች።

እኔን ፀሐይ ላይ አስቀመጠችኝ። ስትወጣ ይዛ የወጣችው አንድ ጆንያ ብቻ ነው፤ ውስጡ ደብተሮቿ ናቸው። የነገርኳት ቁጥር ሁሉ፣ የአስራ አንድ ዓመት። ደረጃው ላይ አንዴ ወድቃ ረጥበውባታል። «ገጽ በገጽ እየከፈትክ አድርቅልኝ፣ ለዚህ ዓይንህ ጥሩ ነው አሉ» አለች። ይህን ማን እንደነገራት አልጠየቅሁም።

ቀን፣ ቁጥር። ቀን፣ ቁጥር። እጄ ላይ አራተኛው ደብተር ሲደርስ የካቲትን ከፈትኩ። ባሏ የተቀበረበትን ቀን አውቀዋለሁ። እሷ ያን ቀንም ጽፋለች፤ እኔም ያን ቀን ደውዬ ነበር። 0.95። በዚያ ከፍታ ልጆች ወንዙን በእግራቸው ይሻገሩታል። በዚያው ስልክ «ወንዙ አስቸግሮኝ ነው፣ መምጣት አልቻልኩም» ብያታለሁ። ከቁጥሩ ሌላ ምንም አልጻፈችም። በማግስቱ 0.95፣ በሳልስቱ 0.94። ሰባት ዓመት ሙሉ ታውቃለች፤ ሰባት ዓመት ሙሉ «በላህ?» ትለኛለች።

ገጹን ይዤ ብዙ ቆየሁ መሰለኝ።

«ደረቀ?» አለችኝ ከውስጥ።

«ገና እርጥብ ነው።»

«እንግዲያስ አትዝጋው» አለች። አካፋውን ግንቡ ላይ አስደግፋ ወጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ገጹን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። የጎርፉ ቀን በስልክ የጀመረችውን «ከመቼ…» የሚል ጥያቄ አልጨረሰችውም።

ከዱላው ጀመርኩላት።